ከፍርሃት የተወለደ ሙገሳ፣ ከጥያቄ የተወለደ አድናቆት፦ ስለ «ኦውሰም» እና «ዋንደርፉል»

አሜሪካ በገባ በወሩ መታወቂያ ሊያወጣ መስኮት ፊት የቆመ የእኛ ሰው ግር የሚለው አንድ ነገር አለ። ጸሐፊዋ የትውልድ ቀኑን ትጠይቀዋለች፤ ይነግራታል። «ኦውሰም!» ትለዋለች። አድራሻውን ይሰጣታል፤ «ኦውሰም!» ይፈርማል፤ አሁንም «ኦውሰም!» ትላለች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው። እንግሊዝኛን በመዝገበ ቃላት የተማረ ከሆነ ቃሉ «በግርማው የሚያስፈራ» የሚል ፍቺ እንዳለው ያውቃል። የእሱ የትውልድ ቀን ማንን ያስፈራል? ከኋላው ተራዋን የምትጠብቅ እናት አራስ ልጇን ታቅፋ ስትቀርብ ግን ጸሐፊዋ ከወረቀቱ ቀና ትልና፣ ድምጿን ለስለስ አድርጋ ሌላ ቃል ልትመርጥ ትችላለች፦ «ዋንደርፉል!»

ሁለቱም የሙገሳ ቃላት ናቸው። ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው እጃችን ላይ የሚመጡትም ሁለት ቃላት ናቸው፦ ግሩም እና ድንቅ። ብዙ ጊዜ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ሳንጨነቅ እናፈራርቃቸዋለን። ይህ ዳሰሳ የሚሟገተው ልዩነቱ የመጠን አለመሆኑን ነው። አንዱ ቃል ከሌላው የበለጠ አያሞግስም። ልዩነቱ ቃሉ አመስጋኙን በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። «ኦውሰም» በጥንት መልኩ ተናጋሪውን ከሚበልጠው ነገር በታች ያቆመዋል፤ «ዋንደርፉል» ግን ከማያውቀው ነገር ፊት ለፊት። ዛሬ የመጀመሪያው ወደ ደረሰኝነት የወረደበት፣ ሁለተኛው ሙቀቱን ያልጣለበት ምክንያትም ከዚሁ ይቀዳል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመተካት ፈተና

ተመሳሳይ የሚመስሉ ቃላትን ለመለየት ቀላሉ መንገድ አንዱን አውጥቶ ሌላውን በቦታው ማስገባት ነው። ስለ ኑክሌር ቦምብ የሚጽፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ኦውሰም ኃይል» ቢል አንባቢው ይረዳዋል፤ ሰውን የሚያሳንስ፣ የሚያርድ ኃይል ማለቱ ነው። በቦታው «ዋንደርፉል ኃይል» ብናስገባ ጸሐፊው ቦምቡን የወደደ፣ ምናልባትም አእምሮው የተናወጠ ሰው ይመስላል። የአገር መሪነትን «ኦውሰም ኃላፊነት» ማለትም የተለመደ ነው፤ ትከሻ የሚያጎብጥ ሸክም መሆኑን ይናገራል። «ዋንደርፉል ኃላፊነት» ከተባለ ግን ሸክሙ ወደ ደስታ ይለወጣል።

በሌላ በኩል አንዲት ነርስ «ዋንደርፉል ነርስ» ስትባል እጇ የለሰለሰ፣ ትዕግሥቷ የማያልቅ፣ የታመመን ሰው ያጽናናች መሆኗን እንሰማለን። «ኦውሰም ነርስ» ስትባል ግን ስለ ነርሷ የምናውቀው ጥቂት ነው፤ የምንሰማው የተናጋሪውን ሞቅታ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ «በዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» ላለ ሰው ሁለቱም መልስ ሆነው ያገለግላሉ። ሆኖም «ኦውሰም» እንደ «እሺ» ሲያልፍ፣ «ዋንደርፉል» ከዕድሜ ጠና ካለ ወይም ጨዋነትን ከሚያከብር አፍ የወጣ ይመስላል።

ፈተናው የሚነግረን ሁለቱ ቃላት መሐል ላይ እንደሚገናኙና ዳርና ዳር ላይ እንደሚለያዩ ነው። ጥሩ ምሳ፣ ጥሩ ፊልም፣ ጥሩ ዜና የጋራ ሜዳቸው ነው። ወደ አደጋና ወደ ሥልጣን ስንጠጋ የሚቀረው «ኦውሰም» ብቻ ነው፤ ወደ ደግነትና ወደ ርኅራኄ ስንጠጋ ደግሞ «ዋንደርፉል»። ይህ ድንበር ከየት መጣ?

የአንድ እናት ልጆች

«ኦውሰም» የተሠራው «ኦው» ከሚለው ስም ነው። ይህ ስም ከጥንታዊ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ ሽብርና ድንጋጤ ነበር። ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ከአክብሮት ጋር ተቀላቅሎ በፈጣሪና በንጉሥ ፊት የሚሰማ መንቀጥቀጥ ሆነ። «ኦውሰም» የሚለው ቅጽል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብቅ ሲል የሚያመለክተው ይህን ፍርሃት የተሞላውን ሰው ነበር፤ ፍርሃቱን የሚያሳድረውን ነገር ለመግለጽ የዋለው ቆይቶ ነው።

ከዚሁ ስም የተወለደ አንድ ታላቅ ወንድም አለው፤ «ኦውፉል»። እሱም በመጀመሪያ የሚከበርና የሚፈራ ማለት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ፍርሃቱ ከአክብሮቱ ተነጠለና ቃሉ «መጥፎ፣ አስቀያሚ» ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ለውጥ እንግሊዞች የሚያወሩት ቀልድ አለ። ሰር ክሪስቶፈር ሬን በ1666 ቃጠሎ የወደመውን የለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል እንደገና ሲሠራ፣ ሕንፃውን ያየው ንጉሥ «ኦውፉል» ብሎ አሞገሰው ይባላል። ንጉሡ በአንዱ ተራኪ ዘንድ ዳግማዊ ቻርልስ ነው፣ በሌላው ዳግማዊ ጄምስ፣ በሦስተኛው ንግሥት አን። ባለቤቱ እንዲህ የሚቀያየር ታሪክ ተረት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ተረቱ የቆመበት የቃል ታሪክ ግን እውነት ነው። በዚያ ዘመን ቃሉ ሊያሞግስ ይችል ነበር።

ላቲን ወለድ ዘመዶችም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል። «ቴሪብል» እና «ተሪፊክ» ሁለቱም ማስፈራት ከሚል አንድ የላቲን ግስ መጡ፤ ዛሬ አንዱ ስድብ ነው፣ ሌላው ሙገሳ። ፍርሃት የወለዳቸው ቃላት መንታ መንገድ ላይ ሲደርሱ ወደየት እንደሚታጠፉ አስቀድሞ መናገር የሚቻል አይመስልም።

«ዋንደርፉል» ይህ ሁሉ መወናጨፍ አልደረሰበትም። «ዋንደር» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ተአምር፣ ያልታየ ነገር ማለት ነበር፤ ቅጽሉም የዚያው ዘመን ማብቂያ ቃል ነው። መጀመሪያ ላይ የግድ ሙገሳ አልነበረም። እኛ «ጉድ ነው!» ስንል መልካምም መጥፎም ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ቃሉ የሚናገረው ነገሩ ማስገረሙን ብቻ ነበር። መልካምነቱ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ቢጨመርም ግን የመነሻውን ትርጉም አላባረረውም።

ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን

የዚህን ታሪክ ዱካ በግልጽ የምናይበት አንድ ቦታ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው። በ1611 በወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ዘዳግም 7፥21 ላይ እግዚአብሔር «ቴሪብል» ተብሏል። በ1978 ሙሉው በታተመው አዲሱ ዓለም አቀፍ ትርጉም ያ ቃል በ«ኦውሰም» ተተክቷል። ያዕቆብ ከሕልሙ ነቅቶ ስለ ቦታው የተናገረው፣ በዘፍጥረት 28፥17 የሚገኘው ቃልም እንዲሁ «ድሬድፉል» ከሚለው ወደ «ኦውሰም» ተሻግሯል። ተርጓሚዎቹ ምርጫ አልነበራቸውም፤ የቀድሞዎቹ ቃላት ወደ ስድብ ስለ ዞሩ ለአምላክ መዋል አይችሉም ነበር። ነገር ግን የተኩት ቃል ራሱ በዚያው ሰሞን በወጣቶች አፍ ለልብስና ለዘፈን መዋል ጀምሮ ነበር። በ1980ዎቹ ከዳር እስከ ዳር ተሰራጨ። የአማርኛው የ1954 ዓ.ም. ትርጉም በዘዳግሙ ጥቅስ «የተፈራ» ይላል፤ በዘፍጥረቱም የተጠቀመው ማስፈራትን ነው። የእኛ ቃል ዘመን አላለፈበትም፤ መፍራት ዛሬም መፍራት ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ መዝሙር 139 ቁጥር 14 ላይ አለ። ዘማሪው ስለ ገዛ አፈጣጠሩ ሲናገር የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ሁለት ቃላትን አጣምሮ ያኖራል፤ አንደኛው ከፍርሃት የወጣ፣ ሁለተኛው ከ«ዋንደር»። በአማርኛው በእነዚህ ቦታዎች የቆሙት «ግሩም» እና «ድንቅ» ናቸው። ተርጓሚዎቻችን ሁለቱን እንደ አንድ ቢቆጥሯቸው ኖሮ አንዱ በበቃ ነበር። ጥንዱ የተመረጠው አንድ አካል ሁለት ዓይነት ስሜት ስለሚቀሰቅስ ነው፤ የሠሪው ታላቅነት ያስፈራል፣ የአሠራሩ ረቂቅነት ያስደንቃል። በኢሳይያስ 9፥6 የሚወለደው ሕፃን ስም ሲዘረዘር ደግሞ እንግሊዝኛው «ዋንደርፉል» ይላል፣ አማርኛውም «ድንቅ»። ለሕፃን፣ መሲሕም ቢሆን፣ ቀድሞ የመጣው የፍርሃቱ ቃል አልነበረም።

ሁለት ፈላስፎች

ልዩነቱን ከቋንቋ ወደ ሐሳብ ስናሻግረው እያንዳንዱ ቃል የራሱን ጠበቃ ያገኛል። ኤድመንድ በርክ በ1757 ባሳተመው ስለ ልዕልናና ውበት በሚመረምር መጽሐፉ የልዕልና ስሜት ሥሩ ሽብር ነው ብሎ ተከራክሯል። ወጀብ ያለበት ባሕር፣ ጨለማ፣ ጥግ የሌለው ሜዳ ሰውን የሚይዘው ከአቅሙ በላይ በመሆኑ ነው፤ ግን አደጋው ሩቅ መሆን አለበት፣ ከተጠጋ ደስታው ጠፍቶ ድንጋጤው ብቻ ይቀራል። ጀርመናዊው የሃይማኖት ሊቅ ሩዶልፍ ኦቶም በ1917 የቅድስናን ስሜት ሲመረምር የሚያንቀጠቅጥና የሚስብ ምሥጢር አድርጎ ገልጾታል። ይህ የ«ኦውሰም» ጥንታዊ ቤት ነው።

ሬኔ ዴካርት ግን በ1649 ስለ ነፍስ ስሜቶች ሲጽፍ፣ በእንግሊዝኛ «ዋንደር» ተብሎ የሚተረጎመውን ስሜት ከሁሉም ስሜቶች ቀዳሚ አደረገው። ምክንያቱ ረቂቅ ነው። አዲስ ነገር ሲገጥመን ይጠቅመን ወይም ይጎዳን እንደሆነ ሳናውቅ በፊት እንደነቃለን። ፍቅርና ጥላቻ፣ ተስፋና ፍርሃት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ድንቀት ተቃራኒ የለውም። ፕላቶንም ቀደም ሲል የፍልስፍና መነሻ ይኸው መደነቅ መሆኑን በሶቅራጥስ አፍ አናግሯል።

እዚህ ላይ የሁለቱ ቃላት ድንበር ይጠራል። ፍርሃት የነገሩን መጠን ይሻል፤ ትንሽ ነገር አያስፈራም። ድንቀት መጠን አይጠይቅም፤ ጉንዳንም ይደንቃል። ፍርሃት «ምን ያደርገኛል?» ይላል፤ ድንቀት «ይህ ምንድን ነው? እንዴት ሆነ?» ይላል። ዳቸር ኬልትነርና ጆናታን ሃይት የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን በ2003 ባወጡት ጽሑፍ የ«ኦው»ን ስሜት በሁለት ነገሮች ለይተውታል፦ የነገሩ ግዝፈትና፣ ያንን ለመቀበል አእምሮ ራሱን የማስተካከል ግዴታው። ሁለተኛው ከድንቀት ጋር ይጎራበታል፤ ግዝፈቱ ግን የፍርሃቱ ድርሻ ነው። በዚያው ዓመት ኢራቅ ስትወረር በየዜናው የተስተጋባው፣ ሃርላን ኡልማንና ጄምስ ዌድ በ1996 የጻፉት የጦር ስልት ስሙን የወሰደው «ኦው» ከሚለው ቃል ነበር። ቅጽሉ ለምሳ ግብዣ በሚውልበት አገር፣ ስሙ አሁንም ከተማን በቦምብ ለማሸበር ይጠራ ነበር ማለት ነው።

ግሱን ያጣ ቃል

አንድ ተቃውሞ መነሳት አለበት። ሥርወ ቃል ፍቺ አይደለም። «ናይስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሙገሳ አላዋቂ ከሚል የላቲን ቃል መጥቶ በአንድ ወቅት ሞኝ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን «ናይስ» የተባለ ሰው ተሰደብኩ ብሎ አይከስም። ታዲያ «ኦውሰም» ከፍርሃት መጣ ማለት ለዛሬው ተናጋሪ ምን ይጨምርለታል?

ተቃውሞው ልክ ነው፤ ለዚህም ነው ክርክሬ በመነሻው ላይ ብቻ ያልቆመው። ቃልን በትርጉሙ የሚያጸናው በሕይወት ያለ ዘመዱ ነው። «ዋንደር» ዛሬም የዕለት ተዕለት ግስ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሰዓቱን ሲያስብ፣ ልጁ ለምን እንደዘገየ ሲጨነቅ፣ ጎረቤቱን መሰላል እንዲያውሰው ሲለምን እንኳ ይኸንኑ ግስ ይጠቀማል፤ ማሰላሰል፣ ራስን መጠየቅ ማለት ነው። ስለዚህ «ዋንደርፉል» ባለ ቁጥር ጥያቄው በሩቅ ይሰማል። «ኦው» በአንጻሩ ከጥቂት የታሰሩ ሐረጎች በስተቀር ከወጥ ቤትና ከመንገድ ጠፍቷል፤ ቁርስ ላይ የሚፈራ ሰው በዚህ ግስ አይናገርም። ግሱን ያጣ ቅጽል ሥሩ እንደተቆረጠ ዛፍ ነው፤ ለጊዜው ለምለም ይመስላል፣ ከዚያ ይደርቃል።

ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ሚሼል ብሬያል በ1897 የትርጉምን ጥናት በመጽሐፍ መልክ ሲያዋቅር፣ ቃላት በመደጋገም ብዛት እንደሚሟሽሹ ከተመለከቱት አንዱ ነበር። ማጋነን ራሱን ይበላል። ሁሉ ነገር ታላቅ ከተባለ ታላቅ የሚባል አይቀርም። ይህን ሆሊውድም አውቆታል። በ1946 ፍራንክ ካፕራ ስለ ተስፋ የቆረጠ ሰው በሠራው ፊልም ርዕስ ውስጥ ሕይወት «ዋንደርፉል» ናት፤ በ1967 ሉዊስ አርምስትሮንግ ባዜመው ዘፈን ርዕስ ውስጥም ዓለም እንዲሁ። ሁለቱም ቃሉን ያለ ምጸት ተጠቅመውበታል። በ2014 በወጣው የሌጎ ፊልም ደግሞ ሁሉ ነገር «ኦውሰም» ነው የሚል ዘፈን አለ፤ የሚዘፍኑትም መመሪያ ሳያዩ ጡብ የማያነሡ የአንዲት ቁጥጥር የበዛባት ከተማ ነዋሪዎች ናቸው። ዘፈኑ ደስ ይላል፤ ሽሙጡ ግን ግልጽ ነው። ሁሉን የሚያሞግስ ቃል የሚያሞግሰው የለም።

ይገርማል!

በእንግሊዝኛ ከመሳቃችን በፊት ወደ ቤታችን እንመለስ። «ግሩም» በግዕዝ የሚያስፈራ ማለት ነው። ዘመዱ «ግርማ» ይህን ዛሬም ይመሰክራል፤ የንጉሥ ግርማ፣ የአንበሳ ግርማ፣ ግርማ ሌሊት ስንል ውስጡ ፍርሃት አለ። ግርማው አላስጠጋ አለኝ የሚል ሰው ያፈረ ብቻ ሳይሆን የፈራም ነው። «ግሩም» ግን ከዚህ ቤት ወጥቶ ለወጥና ለሐሳብ መሞገሻ ሆኗል፤ «ግሩም ሽሮ ነበር» ስንል ማንም ሽሮውን አልፈራም። «እጹብ ድንቅ» ውስጥ ያለው «እጹብ»ም በግዕዝ አስቸጋሪ፣ ጭንቅ ማለት ነበር። መንገዱ የ«ኦውሰም» መንገድ ነው፤ አንድ ልዩነት ግን አለ። የእንግሊዝኛው ወንድም ወደ ስድብ ወርዶ ሲቀር፣ የእኛው ወንድም በዙፋኑ ላይ ነው።

ግሱ «ገረመ» ደግሞ ፍርሃቱን ጥሎ መደመምን ያዘ። ጎረቤት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወራን ዓይናችንን ከስልካችን ሳንነቅል «ይገርማል!» እንላለን። አልገረመንም፤ እየሰማሁህ ነው ማለታችን ነው። የመስኮቷ ጸሐፊ «ኦውሰም» ከዚህ በምን ይለያል?

«ድንቅ» ግን ቤተሰቡ ሙሉ ነው፦ ደነቀ፣ ተደነቀ፣ አደነቀ፣ ድንቃድንቅ፣ አድናቆት። የአድናቆት ቃላት እያልን የምንጠራው ዘርፍ ራሱ ስሙን የወሰደው ከመደነቅ ነው፤ ከመፍራት አይደለም። አንድ የሰዋስው ነገርም ልብ ይሏል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ዋንደር» ሲል ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ጥያቄውን እሱ ያነሣዋል። እኛ «ደነቀኝ» ስንል እንደ «ራበኝ» እና «አመመኝ» ድንቀቱ መጥቶብን ነው። እርምጃ ስንወስድ «አደነቅሁ» እንላለን። ስሜቱና ምስጋናው በአንድ ሥር ሁለት ግስ ሆነው ተለያይተዋል።

ለተርጓሚ ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። «ኦውሰም ኃላፊነት» በአማርኛ ግሩም ኃላፊነት አይደለም፤ የሚያስፈራ ከባድ አደራ ነው። የጸሐፊዋ «ኦውሰም» ድንቅም ግሩምም አይደለም፤ «እሺ» ነው። ለአራሷ የተባለው «ዋንደርፉል» ደግሞ ተናጋሪዋ የእኛ ሰው ብትሆን ሙገሳ አይሆንም ነበር። እኛ ሕፃንን አይተን በባዶ አናሞግስም፤ «ያሳድግልሽ» ብለን ወደ ምርቃት እናዞረዋለን።

ጎንበስ ማለት

ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ በአፋር ሐዳር ያገኟት ቅሪት በሰፈሩ ሲዘፈን ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ሉሲ ተባለች። በአማርኛ ድንቅነሽ ተባለች። ስሟን በእንግሊዝኛ የሚያስረዱ ሰዎች «ማርቨለስ» ወይም «ዋንደርፉል» ሲሉ ነው የሚሰማው፤ «ኦውሰም» ያለ አላጋጠመኝም። ግሩም እና ግርማ የወንድ ስም ሆነው በሰፊው ሲሠራባቸው፣ ለእሷ ማንም አላሰባቸውም።

ምክንያቱን ለማየት አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ቅጂዋ ፊት መቆም ይበቃል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ታህላለች። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው። በእሷ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር የለም። አንጎሏ ትንሽ ሆኖ ሳለ ዳሌዋ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ይናገራል፤ ሰው ከማሰቡ በፊት መራመዱን። ግርማ ያለው ነገር ፊት ሰው ወደ ኋላ ይላል። እሷ ዘንድ የሚመጣ ጎብኚ ግን ጎንበስ ይልና ፊቱን ወደ መስታወቱ ያስጠጋል።